ርካሽ የአህያ ጋሪ ሲገዛ ምን ይታያል? ምን ያህልስ ይጫንበታል?

የመኸር ምርት ተወቅቶ ወደ ጎተራ ሲገባ፣ የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲምም ከማሳ ወደ መንገድ ዳር ሲወጣ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ጭነቱ በምን ይጓጓዝ? ለአራትና ለአምስት ኩንታል የጭነት መኪና መጥራት አያዋጣም፤ ቢጠራም ኪራዩ ትርፉን ይበላዋል። ብዙ ማሳዎች ደግሞ መኪና የሚገባበት መንገድ የላቸውም። ባለ ሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪም ቢሆን ነዳጅና መለዋወጫ ይሻል። ስለዚህም በየከተማው የብየዳ ቤቶች ከአሮጌ መኪና አክስልና ጎማ የሚሠራው ባለ ሁለት ጎማ የአህያ ጋሪ፣ መሬቱ ሜዳማ በሆነበት ሁሉ ለአርሶ አደሩ የእህል፣ ለከተማ ነዋሪው ደግሞ የውኃ፣ የአሸዋና የማገዶ ማመላለሻ ሆኖ ያገለግላል።

ጋሪ ፈላጊ ወደ ብየዳ ቤት ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋውንና የሣጥኑን ስፋት። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ጋሪው ሠርቶ የሚያበላ ወይም አህያ የሚጎዳ መሆኑን የሚወስኑት እነርሱ አይደሉም። ርካሽ ጋሪ መግዛት በራሱ ጥፋት የለበትም፤ መታወቅ ያለበት ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ ነው። ሠሪው በቀለም፣ በጣውላ ወይም በሣጥኑ ቁመት ላይ ቆጥቦ ከሆነ ገዥው የሚያጣው ጥቂት ነው። በኩሽኔታ፣ በጎማ፣ በማሰሪያና በፍሬን ላይ ከቆጠበ ግን የተቆጠበውን ብር አህያዋ በየቀኑ በጉልበቷ ትከፍለዋለች። በብዙ አርሶ አደር ቤት ያለችው አህያ ደግሞ አንድ ናት። ደረቷ ተልጦ ወይም ጀርባዋ ገጣባ ሆኖ ለሳምንታት ከሥራ ብትወጣ ወፍጮውም፣ ውኃውም፣ ገበያውም በሰው ጀርባ ላይ ይወድቃል፤ ያ ጀርባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእናት ወይም የሴት ልጅ ነው።

ከጀርባ ጭነት ወደ ጋሪ

የአገራችን አህዮች ቁመታቸው አጭር፣ ክብደታቸውም ቀላል ነው። ለስሌት እንዲያመች በደንብ የተያዘች አህያ 150 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። በጀርባዋ ልትሸከም የሚገባት ከክብደቷ ሲሶ ያልበለጠ፣ ማለትም 50 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በገበያ ቀን ሙሉ ኩንታል ተጭና የምትሄድ አህያ ማየት የተለመደ ቢሆንም ልኩ ያ ነው ማለት አይደለም። አራት ኩንታል እህል 6 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ገበያ በጀርባ ጭነት ይወሰድ ቢባል ስምንት ምልልስ ያስፈልጋል። ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር ስለሆነ አህያዋም ነጂዋም 96 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ይኸው ጭነት በጥሩ ጋሪና በደህና መንገድ በአንድ ምልልስ ያልቃል። በጋሪ ላይ ክብደቱን የሚሸከመው መሬቱ ነውና፤ የአህያዋ ድርሻ ጎማው እንዲንከባለል መሳብ ብቻ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን መንገዱ በእርግጥ ደህና ከሆነ ነው። በተግባር ጋሪ የሚሰበረውና አህያ የምትወድቀው እዚህ ላይ ነውና ጉዳዩ ሰፋ ብሎ ሊታይ ይገባል።

ልኩን የሚወስነው መንገዱ ነው

አንዲት አህያ ሳትጎዳ ለሰዓታት ልትስብ የምትችለው ኃይል ከክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። 150 ኪሎ ግራም ለምትመዝነው አህያ ይህ 20 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ 20 ኪሎ ሲባል የጭነቱን ክብደት ማለት አይደለም። በውኃ ጉድጓድ መዘውር ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተንጠልጥሎ፣ ገመዱን በትከሻ ይዞ ወደ ፊት የመራመድን ያህል ጉልበት ነው። አህያዋ ይህን ጉልበት ቀኑን በሙሉ ታወጣለች።

ጋሪው ከነጭነቱ ሲንከባለል ከዚህ ጉልበት ምን ያህሉን እንደሚፈልግ የሚወስነው መሬቱ ነው። በደንብ የተነፋ የመኪና ጎማ የተገጠመለት ጋሪ በደረቅና ጠንካራ የጠጠር ወይም የአፈር መንገድ ላይ ከጠቅላላ ክብደቱ 4 በመቶ ያህል ስበት ይጠይቃል፤ በአስፋልት ላይ ከዚህም ያንሳል። በላላ አፈርና በጭቃ ላይ ግን ስበቱ ወደ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ይወጣል፤ በአሸዋ ላይ 15 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ዳገት ሲመጣ ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከፍ በሚለው ሜትር ልክ ይጨመርበታል። በ100 ሜትር ርቀት 5 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በስበቱ ላይ 5 በመቶ ይጨምራል።

ቁጥሩ ወደ ጭነት ሲለወጥ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ባዶው ጋሪ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በጠንካራ ሜዳ ላይ የአህያዋ 20 ኪሎ ጉልበት በጠቅላላው 500 ኪሎ ግራም ያንቀሳቅሳል፤ የጋሪው ክብደት ሲቀነስ የሚጫነው አራት ኩንታል ነው። ያቺው አህያ ያንኑ ጋሪ ይዛ በ100 ሜትር 5 ሜትር ከፍ ወደሚል ረጅም ዳገት ስትደርስ በጠቅላላው የምትችለው 220 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ለጭነት የሚተርፈው ከአንድ ኩንታል ትንሽ ይበልጣል። በጭቃማ ሜዳ ላይ ደግሞ አንድ ኩንታል ብቻ ነው። በፎገራም ሆነ ዋልካ አፈር ባለበት ሌላ ሜዳ የሚኖር አርሶ አደር በበጋ አራት ኩንታል የሚጭንበትን ጋሪ በክረምት አራቱንም ይዞ አይወጣበትም፤ መሬቱ ሜዳ መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም።

አህያ ለጥቂት ደቂቃ ከመደበኛው እጥፍ ጉልበት ልታወጣ ትችላለች። ስለዚህ አጭር አቀበትን፣ የድልድይ መዳረሻን ወይም አንድ ጎርበጥባጣ ቦታን በብርታት ታልፈዋለች፤ ካለፈች በኋላ ግን ቆማ ልትተነፍስ ይገባል። ዳገቱ ረጅም ከሆነ ጭነቱን ከሁለት ከፍሎ በሁለት ጊዜ ማውጣት ጊዜ ማባከን ሊመስል ይችላል፤ በመሐል ዳገት ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ከሚንሸራተት ጋሪ ጋር ከመታገል ግን ያንሳል።

በግብርና ኮሌጅ የስበትን ጉልበት የሚለካ ዳይናሞሜትር የሚባል መሣሪያ ተምረናል። ለጋሪ ሥራ በየገበያው ማርና ቅቤ የሚመዘንበት ባለ ኩላብ ተንጠልጣይ ሚዛን በቂ ነው። ጋሪው ተጭኖ፣ አህያዋ ሳትጠመድ፣ የሚዛኑ አንድ ጫፍ ከጋሪው ጋር ይታሰራል፤ ሌላውን ጫፍ በገመድ ሁለት ሰዎች በዝግታ ይስባሉ፤ ሦስተኛው የሁለቱን ዘንጎች ጫፍ ደግፎ አብሮ ይራመዳል። ጋሪው በዝግታ እየተንከባለለ ሳለ ሚዛኑ ከ20 ኪሎ በላይ የሚያነብ ከሆነ ጭነቱ ለዚያ መንገድ በዝቷል። በመነሻው ላይ ቁጥሩ ለአፍታ ከፍ ማለቱ ያለ ነው፤ መታየት ያለበት ከተነሣ በኋላ ያለው ነው። አህያዋ ትንሽ ወይም ከሲታ ከሆነች ልኩ ወደ 15 ኪሎ ይወርዳል።

የዳገቱን ልክ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለእርከን ሥራ ገመድና የውኃ ልክ ይዘው የወጡ ሁሉ ዘዴውን ያውቁታል። 10 ሜትር ገመድ በውኃ ልክ ቀጥ ተደርጎ ሲወጠር በታችኛው ጫፍ ከመሬት ያለው ከፍታ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ 5 በመቶ ነው። ከቤት እስከ ገበያ ያለውን መንገድ አንድ ቀን ሄዶ ከሁሉ የከፋውን ቦታ መለካት፣ ጋሪውንም ጭነቱንም በዚያ ቦታ ልክ መምረጥ ነው። እንደ ሰሜን ተራሮች ወይም እንደ ላስታ ባለ ወጣ ገባ አገር ውጤቱ ጋሪ መግዛት አያዋጣም የሚል ሊሆን ይችላል። እዚያ ጥሩ የጀርባ ንጣፍ ያላት የጭነት አህያ ወይም በቅሎ ከጋሪ ትሻላለች፤ ይህን መለካት ከመግዛት በፊት ማወቁ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ ያተርፋል።

ሣጥኑ ሲሞላ

የሣጥኑ ስፋት የጭነት ልክ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ጭድ ቢሞላ ቀላል ነው፤ ጎኑ ከፍ ቢልም ይችላል። ይኸው ሣጥን ደረቅ አሸዋ ሲሞላ ግን ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ለአንዲት አህያ በማንኛውም መንገድ ላይ የሚፈቀድ አይደለም። በከተማ ለቤት ሠሪዎች አሸዋ የሚያመላልሱ ባለጋሪዎች ሣጥኑን እስከ አፉ ሞልተው ሲነዱ የሚታየው ደንበኛው የሚከፍለው በጋሪ ቁጥር ስለሆነ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሣጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ከወለሉ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በቀለም አንድ መስመር ማስመር። አሸዋ እስከዚያ መስመር ሲደርስ 300 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አሸዋ ገዥውም ዋጋውን በመስመሩ ልክ ቢስማማ የሚያጣው ነገር የለም።

ሌላው ጭነት በቁጥር ይያዛል። ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ስለሆነ 15 ጀሪካን ሦስት ኩንታል ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ግራም ነው፤ ስድስቱ እንዲሁ ሦስት ኩንታል ይሆናሉ። ነጂው ከላይ ከተቀመጠ እርሱም ጭነት ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሦስት ጀሪካን ውኃ ማለት ነው። በዳገት ላይ ወርዶ መራመድ ከጅራፍ የተሻለ እርዳታ ነው።

በብየዳ ቤቱ በር ላይ

ያልተቀባ ጋሪ ማየት ከተቻለ እርሱን ማየት ይመረጣል፤ ቀለም የብየዳን ጉድለት ይሸፍናልና። ብየዳው በነጥብ በነጥብ ብቻ የተያዘ ሳይሆን ተከታታይ መስመር ሊሆን ይገባዋል፤ በተለይ የፊት ዘንጎቹ ከሣጥኑ ሥር የሚጋጠሙበትና አክስሉ ከአንጎላሬው ጋር የተያያዘበት ቦታ። ጋሪ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው።

ቀጥሎ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ማሽከርከር ነው። ያለ ኮሽታ ለረጅም ጊዜ ከዞረ ኩሽኔታው ደህና ነው። የሚፈጭ ድምፅ ካለው ወይም ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲያነቃንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ ለዋጋ መከራከሪያ ይሆናል፤ ሠሪው እዚያው እንዲቀይረው መጠየቅም ይቻላል። ከዚያ ገመድ ይዞ ከሁለቱ ጎማዎች በፊት በኩል በአክስሉ ቁመት ልክ በመካከላቸው ያለውን ርቀት መለካት፣ በኋላም በኩል እንዲሁ መለካት። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው። በግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ የሚለያዩ ከሆነ አክስሉ ጎብጧል ወይም ሲበየድ ተጣምሟል። እንዲህ ያለ ጋሪ ጎማውን በጎን እየጎተተ ይሄዳል፤ ጎማው ቶሎ ያልቃል፤ አህያዋም የማይታይ ጭነት ስትስብ ትውላለች። ይህን ልኬት የሚያደርግ ገዥ ብዙ አልታየም፤ የሚፈጀው ግን ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ባዶውን ጋሪ በሲሚንቶ ወለል ላይ በዚያው ተንጠልጣይ ሚዛን ስቦ ማየትም ይቻላል። 100 ኪሎ የሚመዝን ጋሪ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ቢያነብ መልካም ነው፤ 8 ኪሎ ካነበበ አንድ ነገር ይይዘዋል።

ጎማዎቹ አሮጌ መሆናቸው አይከፋም፤ መጠናቸው እኩል ይሁን እንጂ። አንዱ ከሌላው ካነሰ ጋሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ጎናቸው የተሰነጣጠቀ ወይም ሽቦው የታየ ከሆነ ግን ካላማዳሪው በየሳምንቱ ጎሚስታ ቤት ይመላለሳል። ባለ 13 ወይም ባለ 14 ኢንች የመኪና ቸርኬ ለአህያ ጋሪ በቂ ነው። አነስተኛ ጎማ የተገጠመላቸው ጋሪዎች በዋጋ ይረክሳሉ፤ በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ያገለግላሉ፤ በገጠር መንገድ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ።

ለከተማ ነዋሪ ሌላም ጉዳይ አለ፤ ቦታ። ከግዥው በፊት የግቢውን በር ወርድ መለካት ያስፈልጋል። ጎኖቹ በማጠፊያ የተያዙ ወይም በብሎን የሚፈቱ፣ የፊት ዘንጎቹም የሚነቀሉ ጋሪ ማሠራት ይቻላል፤ ሥራ ሲያልቅ ሣጥኑን ከግድግዳ ጋር አቁሞ ማስጠጋት ነው። ለአርሶ አደሩም ቢሆን ተነቃይ ጎን ይጠቅማል፤ ጎኖቹ ሲነሡ ወለሉ ለባሕር ዛፍ አጣናና ለነዶ ይመቻል። ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ግን ላልተው ጎኑ እየተንኳኳ የሚሄድ እንዳይሆን በየጊዜው ዳዶውን ማጥበቅ ያስፈልጋል። እንስሳ የማያረባ የከተማ ነዋሪ በእጅ የሚገፋ ጋሪ ይበቃዋል፤ ለእርሱም ስለ ኩሽኔታውና ስለ ጎማው የተባለው ሁሉ ይሠራል፤ የሚስበው ሰው ስለሆነ ስህተቱን ቶሎ ያውቀዋል።

ሚዛኑ ከአክስሉ በላይ

ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ እንደ ሚዛን ነው። ጭነቱ ወደ ፊት ሲበዛ ዘንጎቹ በአህያዋ ጀርባ ላይ ይጫናሉ፤ ወደ ኋላ ሲበዛ ዘንጎቹ ወደ ላይ ተነሥተው በሆዷ ሥር የሚያልፈው ቀበቶ ያንቃታል። ትክክለኛው ጭነቱን በአክስሉ ላይ አድርጎ ጥቂት ወደ ፊት ማድላት ነው። ከተጫነ በኋላ አህያዋ ሳትጠመድ የዘንጎቹን ጫፍ በእጅ ማንሣት፤ ግማሽ ጀሪካን ውኃ፣ ማለትም 10 ኪሎ ያህል ከከበደ ልክ ነው። ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ከሆነ ጭነቱ ወደ ኋላ ይገፋ። ጭራሽ የማይከብድ ወይም በራሱ የሚነሣ ከሆነ ወደ ፊት ይምጣ።

የዘንጎቹ ከፍታም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። አህያዋ ስትጠመድ የጋሪው ወለል ከመሬት ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ለፈረስ ቁመት የተሠራ ጋሪ ለአህያ ሲውል ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ክብደቱም ሁሉ ወደ ጀርባዋ ይመጣል። በርካሽ የሚገኙ ያገለገሉ ጋሪዎች ብዙውን ጊዜ ከፈረስ ጋሪነት የመጡ ስለሆኑ ገዥው አህያውን ይዞ ሄዶ ጠምዶ ሊያየው ይገባል። ጫማ ሳይለኩ እንደማይገዛ ሁሉ።

ማሰሪያው

ጋሪ ሲገዛ በመጨረሻ የሚታሰበው፣ ብዙ ጊዜም ከተረፈ ገመድ የሚበጀው ማሰሪያው ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ገንዘቡ ቢያጥር የሣጥኑ ጣውላ ይቅር እንጂ ማሰሪያው አይቅርም። በሬ ቀንበርን የሚገፋው በሻኛው ነው፤ አህያ ሻኛ የላትም። ስለዚህ አንገቷ ላይ የሚደረግ ቀንበር ወይም ገመድ አጥንቷንና የመተንፈሻ ቧንቧዋን ይጫናል። አህያ የምትስበው በደረቷ ነው። የደረቱ ቀበቶ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ለስላሳና ከጉሮሮዋ በታች፣ ከትከሻዋ መገጣጠሚያ በላይ የሚያርፍ ይሁን። ከፍ ካለ ያንቃታል፤ ዝቅ ካለ እግሯን ለመዘርጋት ያስቸግራታል። የናይለን ገመድ፣ ሽቦና ከጎማ የተቆረጠ ማሰሪያ ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ላብ አይመጡም፤ ቆዳ ይልጣሉ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ የወንበር ቀበቶ በሁለት ተደርቦ ከሥሩ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ቢሰፋበት ጥሩ ማሰሪያ ይወጣዋል፤ ቆዳም እንዲሁ፣ በየጊዜው ቅባት ካገኘ።

ጀርባዋ ላይ ዘንጎቹን የሚይዘው ንጣፍ በአከርካሪዋ ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ትራሶች ሊኖሩት፣ በመካከላቸውም ክፍተት ሊተው ይገባል። አከርካሪው ላይ የሚያርፍ ንጣፍ ገጣባ ያወጣል። ማታ ማሰሪያው ሲፈታ ፀጉሯ የተነቀለበት፣ ያበጠ ወይም የሞቀ ቦታ መኖሩን በእጅ መዳሰስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቁስል ከተገኘ ጨርቅ ደርቦ መቀጠል መፍትሔ አይሆንም፤ እስኪድን ማሳረፍና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። በተለይ የጋሪ ፈረስና በቅሎ ያላቸው ሰዎች ማሰሪያ መዋዋስ የለባቸውም። ንድፊያ እየተባለ የሚታወቀው፣ በቆዳ ላይ እባጭና ቁስል የሚያወጣው በሽታ በተላላጠ ቆዳ በኩል ይገባልና።

ሦስት ዓመት ያልሞላት ውርንጭላ ለጋሪ አትሁን፤ ለከባድ ጭነት አራት ዓመት መጠበቅ ይገባል። መውለጃዋ የደረሰችም እንዲሁ ታርፍ። በሥራ ቀን አምስት ወይም ስድስት ሰዓት በቂ ነው፤ በመሐሉ ውኃና ጥላ ሊኖር ይገባል።

ቁልቁለትና ጨለማ

ዳገት አህያን ያደክማል፤ ቁልቁለት ግን ይገድላል። አብዛኞቹ ርካሽ ጋሪዎች ፍሬን የላቸውም። ፍሬን የሌለው ባለ ሦስት ኩንታል ጋሪ ቁልቁል ሲወርድ የሚይዘው አህያዋ ብቻ ናት። እርሷም ልትይዘው የምትችለው ከጭራዋ በታች ዳሌዋን ከኋላ የሚያቅፍ ቀበቶ ካላት ነው። ይህ ቀበቶ ከሌለ ጋሪው በማሰሪያው ላይ ወደ ፊት ይንሸራተትና የኋላ እግሯን ይመታታል፤ ደንግጣም ትሮጣለች። በብየዳ ቤት ከጎማው ጋር የሚነካካ የእንጨት መያዣ ያለው፣ በእጀታ የሚጠብቅ ቀላል ፍሬን ማሠራት ከጋሪው ጠቅላላ ዋጋ አንጻር ሲታይ ትንሽ ወጪ ነው። ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው ላያስፈልግ ይችላል። በመንገዱ ላይ አንድ እንኳ ቁልቁለት ላለው ግን ከሣጥኑ ጎን ይቀድማል። ሲወርዱ ነጂው ወርዶ አህያዋን ከፊት በልጓም ይያዝ፤ ጭነትም ላይ ልጅ አይቀመጥ።

ማታ በአስፋልት ላይ የሚሄድ ጋሪ ለመኪና ነጂ አይታይም። የጋሪውን ኋላ በሁለቱም ጫፍ በቀይ አንጸባራቂ ምልክት፣ ጎኖቹንም በአንጸባራቂ ፕላስተር ማልበስ ይገባል፤ ከጨለመ በኋላ አለመንቀሳቀስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ጋሪ በዋና አስፋልት ላይ የሚፈቀድበትና የሚከለከልበት ሁኔታም ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ለንግድ የሚያውል ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የከተማውን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለበት።

በጋራ ሲገዛ

አቅማቸው ያልፈቀደ ጎረቤታሞች ሦስትና አራት ሆነው አንድ ጋሪ ሲገዙ ይታያል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንድ ቤተሰብ ጋሪን በየቀኑ አይፈልግምና። ችግሩ የጋራ ጋሪ ግራሶ የሚቀባው አለመኖሩ ነው። ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ኩሽኔታው መፍጨት ሲጀምር ግን ማን ያስጠግነው የሚለው ጭቅጭቅ ይሆናል። የተሻለው ጋሪው በአንድ ሰው ኃላፊነት እንዲቀመጥ፣ ሌሎቹ በምልልስ ልክ አነስተኛ ክፍያ እንዲያዋጡና ክፍያው ለጎማና ለኩሽኔታ ብቻ እንዲውል ከመጀመሪያው በጽሑፍ መስማማት ነው። ጋሪው የጋራ ይሁን እንጂ ማሰሪያው የየአህያዋ ይሁን፤ ለአንዷ ደረት የተለካው ሌላዋን ይልጣል።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ከመንቀሳቀስ በፊት የጎማ ንፋስና ዳዶዎች ይታያሉ፤ ጎማ በላላ ቁጥር ስበቱ ይጨምራል። ኩሽኔታው በዓመት አንድ ጊዜ ተፈትቶ ይታጠባል፤ አዲስ ግራሶም ይደረግለታል። ጋሪው በጭቃና በውኃ ውስጥ ካለፈ ይህ ከክረምት በኋላ ሳይዘገይ መሆን አለበት። ክረምት ሲገባና ጋሪው ሲያርፍ አክስሉ ሥር ድንጋይ ደልድሎ ጎማዎቹን ከመሬት ማንሣት፣ ሣጥኑም ውኃ እንዳይዝ አዘንብሎ ማቆም ያስፈልጋል። ማሰሪያው ታጥቦና በጥላ ደርቆ ከጣሪያው ማገር ላይ በሽቦ ይሰቀል፤ የላብ ጨው የጠጣ ቆዳና ጨርቅ መሬት ላይ ካደረ አይጥ ይበላዋል።